ዘጠኝ ዓመት ቅርስ ስጠብቅ ኖሬ አሁን የባህል ዲፕሎማሲ ልማር?

*ጥያቄ፦*

ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። በአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር ተመርቄ በአንድ የዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ዘጠኝ ዓመት በቅርስ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ብራናዎችንና ንዋያተ ቅድሳትን መመዝገብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሪፖርት ማድረግ፣ ከዚያ በጀት መለመን ነው። አንድ ደብር ዕቃ ቤቱን ከፍተው ፎቶ እንዳነሳ እስኪፈቅዱልኝ ድረስ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ።

አሁን ውጭ አገር ሄጄ በባህል ፖሊሲና ዲፕሎማሲ ማስተርሴን ለመሥራት አስቤያለሁ። ኃላፊዬ «ዲፕሎማሲ የውጭ ጉዳይ ሥራ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አሉኝ። ጓደኞቼ «ፕሮጀክት ማኔጅመንት ተማሪና ኤንጂኦ ግቢ» ይሉኛል። ባለቤቴ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ይለኛል፤ ግን የአምስት ዓመት ልጅ አለችን። ሙያዬን መተው ይሆንብኝ ይሆን? ስመለስስ ምን ሥራ ይጠብቀኛል?

ሀ. ነኝ

*መልስ፦*

ውድ ሀ.፣

ተማሪ። የቀረው ወሬ እንዴትና መቼ የሚለው ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እልሻለሁ፤ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። ከዘጠኝ ዓመት ሥራሽ ውስጥ የወጣ፣ መልስ ያጣሽለት አንድ ጉዳይ ከነሰነዱ ይዘሽ ሂጂ። እሱ ከሌለሽ ዘንድሮን ቆዪና አዘጋጂው።

በኃላፊሽ ልጀምር። ግማሹን ልክ ናቸው። አምባሳደርነትና የኤምባሲ ሹመት የራሱ መንገድ አለው፤ ይህ ዲግሪ ዲፕሎማት አያደርግሽም። እንደዚያ ብለው የሚያስተዋውቁ ትምህርት ቤቶች ካጋጠሙሽ እለፊያቸው።

በቀረው ግማሽ ግን አልስማማም። የአክሱምን ሐውልት ነገር እንየው። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮም ወሰዱት። በ1939 ዓ.ም. ጣሊያን በፈረመችው የሰላም ውል አንቀጽ 37፣ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተጻፈ። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። በመሃል መንግሥታት ተቀያየሩ፣ ሌላ ስምምነት ተፈረመ፣ ሐውልቱን መብረቅ መታው። በመጨረሻ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ።

የዲፕሎማቱ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ እንበል። ሐውልቱ ግን ገና መሬት ላይ ተኝቷል። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። የሚቆምበት መሬት ሲመረመር ከሥሩ ጥንታዊ መቃብሮች እንዳሉ ታወቀ። ጎኑ ደግሞ ዘመም ያለ ሌላ ሐውልት ቆሟል። መሠረቱ እንዴት ይቆፈር? ንዝረቱ ጎረቤቱን ቢጥለውስ? ይህን የመለሱት አርኪዮሎጂስቶችና መሐንዲሶች ናቸው፤ ሐውልቱም ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። ውሉን የጻፈ፣ ውሉ እንዲከበር የጨቀጨቀ፣ አፈሩን የመረመረ፣ ሁሉም አንድ ሥራ ላይ ነበሩ። ኃላፊሽ «ምን ቤት ነሽ» ሲሉሽ ይህን ብታጫውቻቸው ደስ ይለኛል። በትህትና ነው ታዲያ፤ የትምህርት ፈቃድሽን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የመቅደላ ጉዳይ ነው። በ1860 ዓ.ም. የተዘረፈው ንብረት በአንድ ዘመቻ፣ በአንድ ጦር ነው የተወሰደው። ዛሬ «መልሱ» ስንል የሚመጣው መልስ ግን እንደየቤቱ ይለያያል።

ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ጽላቶች አሉት። ለእይታ አያቀርባቸውም፤ ሠራተኞቹም ገብተው አያዩአቸውም። መመለስ ግን አልችልም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ የፓርላማ ሕግ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ ያስረዋል። ይኸው ሕግ ጠባብ ቀዳዳ አለው። «በስብስቡ ውስጥ ለመቆየት የማይመጥን» ዕቃ፣ የአጥኚዎችን ጥቅም እስካልጎዳ ድረስ፣ ሊወጣ ይችላል ይላል። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው ጽላት «ይመጥናል» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? እያሉ የሚሞግቱ አሉ። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም።

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመቻውን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የመቅደላን ዕቃዎች ሲያሳይ፣ ዳይሬክተሩ ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጡ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አመጡ። የራስን ንብረት መዋስ! ከኢትዮጵያ ወገን የነበረው ስሜት ይገባሻል።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ግን የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ በ2011 ዓ.ም. አስረክቧል። ፀጉሩን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው አካል ስለቆጠረው መንገዱ ተከፈተ። በኤድንበራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘ ጽላት ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ የፓርላማ ሕግ የሚባል ነገር አላገደውም። ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረችና ወሰነች፣ መለሰች።

አየሽ? የእኛ ቁጭት አንድ ነው፤ በሮቹ ግን አራት ናቸው፣ ቁልፋቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ጋ የሕግ አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል፣ አንዱ ጋ የውሰት ውል ምን እንደሚያስከትል ማወቅ፣ አንዱ ጋ ዕቃው በምን ስም እንደተመደበ መጠየቅ። የባህል ፖሊሲ ትምህርት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ስለ መቅደላ የሚያለቅስ ሞልቷል፤ የ1963ቱን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዷ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

«ሙያዬን መተው ይሆን?» ላልሽው ወደ ሰነድ ልመልስሽ። የባህል ቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት ብዙ ዘግይታ ነው። ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ስለዚህ ለመቅደላ አይደርስም። ለዛሬ ሌባ ግን ይደርሳል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የኛ ብራናዎች ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ቀርበው መታየታቸውን ሰምተሻል። አንድ የውጭ አገር ፖሊስ ያንን ብራና እንዲይዝ ምን ያስፈልገዋል? ከመሰረቁ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ልኩ፣ የገጹ ብዛት፣ እዚህ ጋ ተቃጥሏል፣ እዚያ ጋ ተሰፍቷል የሚል ልዩ ምልክት። ኦብጀክት አይዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የመመዝገቢያ መስፈርት የሚጠይቀው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ይህ ከሌለ አምባሳደሩ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን የሚያሳየው ነገር የለውም። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ስትሞይው የኖርሽው ቅጽ የድርድሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደዚያ ሁለት ዓመት ወዳመላለሰሽ ደብር እንምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ለምን እንደከለከሉሽ አልጻፍሽም፤ መገመት ግን አይከብድም። ያልታየ አይሰረቅም ብለው ነው። በዚህ ደግሞ አትፍረጂባቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን እንዲያስመዘግብ ያዛል። መዝገቡ ለቅርሱ ጋሻ ነው። በመጥፎ ሰው እጅ ሲገባ ግን የትኛው ደብር ምን እንዳለው ለሌባ የሚናገር ዝርዝር ይሆናል። ታዲያ መዝገቡን ማን ይያዘው? ወረዳው? ሀገረ ስብከቱ? የፌዴራሉ ቅርስ ባለሥልጣን? ፎቶውስ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ?

ጉዳዩ እዚህ አገር ብቻ አያልቅም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሂል የሚባለው የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ከለንደን በሚመጣ ገንዘብ በዲጂታል የተቀዱ፣ ዛሬ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያያቸውም አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ብዙ ነገር አድኗል። በጦርነትና በእሳት የጠፋ መጽሐፍ ቅጂው ተርፎ ከተገኘ ተመስገን ነው። ግን የቅጂው አዛዥ ማነው? ደብሩ «ይህን ገጽ አታሳዩ» ቢል የሚሰማው አለ? ገንዘቡን የሰጠው፣ ካሜራውን የያዘው፣ ብራናውን ያቆየው፣ ሦስቱ ምን ተዋዋሉ?

ይኸው ጥያቄሽ። ከፈለግሽ ሌላ ምረጪ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ የሚከልለው መጠለያ ለምሳሌ፦ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠራ፣ ከዓመታት በኋላ የከተማው ሰው «ይነሳልን፣ ቤተ መቅደሱን ሊጎዳው ነው» ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ በ2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ራሳቸው መጥተው አዩት። አንድ የጣሪያ ጉዳይ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። እኔ ግን የብራናውን ብትይዢ እመርጣለሁ። በእጅሽ ያለ፣ ማንም ካንቺ በላይ የማያውቀው ነው።

ስለ ትምህርቱ ይዘት ቅር የሚያሰኝሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። የአውሮፓ የባህል ፖሊሲ ትምህርት በአብዛኛው የተሠራው ለአውሮፓ ችግር ነው። መንግሥት ኦፔራ ቤትን ስንት ይደጉም፣ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት ከፖለቲካ እንዴት ይራቅ፣ የፈጠራ ኢንዱስትሪ ለኢኮኖሚው ስንት ያስገባል፣ የመሳሰለው። ስለ ቅርስ የሚነሳው ጥቂት ነው፤ ስለኛ የሚነሳው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። መሃል ላይ «ለዚህ ነው ልጄን ትቼ የመጣሁት?» የምትይበት ቀን ይኖራል። ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ የምልሽ ለዚህም ነው። የቤት ሥራውን ሁሉ ወደራስሽ ጉዳይ ታዞሪዋለሽ። ሌላው ተማሪ ስለ ኦፔራ ሲጽፍ አንቺ ስለ ብራና ትጽፊያለሽ።

አንድ ሌላም ነገር ታያለሽ፤ ይህኛው ሊያናድድሽ ይችላል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የሚመዘግበው ኮሚቴ የ21 አገሮች ኮሚቴ ነው፤ ኢትዮጵያም በቅርብ ዓመታት አባል ነበረች። አማካሪ ባለሙያዎች አንድን ቦታ መርምረው «ገና ነው፣ ይቆይ» ብለው ያቀረቡትን ኮሚቴው ገልብጦ «ይመዝገብ» ሲል ብዙ ጊዜ ታይቷል። አምባሳደሮች ኮሪደር ላይ ተነጋግረው የጨረሱት ነዋ። ባለሙያ ሆነሽ ስታዪው ያማል። ግን ኮሪደሩ መኖሩን ሳያውቁ አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ይዞ ከመቀመጥ ማወቁ ይሻላል።

የት ልማር ለሚለው፣ ልጅሽን አስቤ ነው የምመልሰው። እንግሊዝ ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው። ለንደን ያለው ጎልድስሚዝስ በባህል ፖሊሲ፣ ግንኙነትና ዲፕሎማሲ ስም ማስተርስ ሲሰጥ ቆይቷል፤ እዚያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራም እያጠፉ ስለሆነ ግን ለመጪው ዓመት ተማሪ መቀበሉን አረጋግጪ። የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ከሁለት ዓመት የማያንስ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ አንቺ አልፈሻል። ስትጨርሺ ወደ አገር ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የቤተሰብ ወጪ አይሸፍንም። ጀርመን ኮትቡስ ያለው ዩኒቨርሲቲ የዓለም ቅርስ ጥናት በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ለሙያሽ ይቀርባል፣ ግን ሁለት ዓመት ነው። የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ስኮላርሺፕ ከሌለሽ ግን ለቪዛው በዝግ ሒሳብ ለዓመት ከ11,000 ዩሮ በላይ አስቀምጪ ይሉሻል፤ በመንግሥት ደመወዝ የማይታሰብ ነው። ቪየና ያለው የመካከለኛው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲም በቅርስ ጥናት ማስተርስ አለው፤ ፖሊሲውን አብሮ ያስተምራል። እሱንም እዪው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት መማርም አንድ መንገድ ነው። ከሙያሽ ጋር የማገናኘቱ ሥራ ያንቺ ይሆናል እንጂ አማካሪ አታጪም። ልጅሽ ትንሽ እስክትጠነክር ብትይና ይህን ብትመርጪ አላዝንብሽም። ውጭውን መቅመስ ብቻ ከፈለግሽ ደግሞ ሮም ያለው ኢክሮም የሚባል ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ለአባል አገሮች ባለሙያዎች አጫጭር ሥልጠናዎች ይሰጣል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተለያየ አገር ከመጡ የሙያ ባልደረቦች ጋር ትገናኛለሽ፣ ይህ ዓለም ይመቸኝ ይሆን የሚለውንም ታውቂያለሽ።

የጓደኞችሽ ምክር ክፉ አይደለም። ፕሮጀክት ማኔጅመንት ቶሎ እንጀራ ይሰጣል። ግን እሱን የተማረ ሰው አገሩን ሞልቶታል፤ ዕቃ ቤት ገብቶ ከመሪጌታዎች ጋር ተግባብቶ የወጣ፣ የዓለም አቀፍ ስምምነት ቋንቋም የሚገባው ሰው ግን ፈልገሽ አታገኚም። ሥራው የት ነው ካልሽ፣ አዲስ አበባ ላይ ነው። የቅርስ ባለሥልጣን አለ። ባህልና ቱሪዝም አሁን በሁለት ሚኒስቴር ተከፍለዋል፤ ቅርስ ሁለቱንም ስለሚነካ በመሃል የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ ነው፤ የእ.ኤ.አ. 2025 መሪ ቃሉንም ካሣና ፍትሕ ላይ አድርጎ ነበር። የዩኔስኮ ቢሮ አለ፤ እንደ ጎተ፣ አሊያንስ፣ ብሪቲሽ ካውንስል ያሉ የውጭ አገር የባህል ተቋማት አሉ። ብዙው የኮንትራት ሥራ ነው፣ ዛሬ አለ ነገ የለም። ቋሚ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ይበሳጫል። ወደ መምሪያሽ ብትመለሺም ደመወዙ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ስለ ልጅሽ። ባለቤትሽ «እኔ አለሁ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን «አለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሩት። ጠዋት ማን ያደርሳታል? ስትታመም ማን ፈቃድ ይወስዳል? እናትሽ ወይ እናቱ መጥተው ይቀመጣሉ? ይህን ሳትጨርሱ ቪዛ ከመጣ በመጨረሻው ሳምንት ትጣላላችሁ። ለአንድ ዓመት ከሆነ ሂጂ እላለሁ። ሁለት ዓመት ከሆነ ግን በመሃል መጥተሽ የምታያት ገንዘብ መኖሩን ሳታረጋግጪ አትፈርሚ።

ከመሥሪያ ቤትሽም ጋር እንዲሁ። የትምህርት ፈቃዱ ደመወዝ አለው የለውም? ስትመለሺ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ ይኖርብሻል? ዋስ አስይዢ ካሉሽ ዋሱ ማነው፣ ብትዘገዪ ምን ይከፍላል? ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተባለው ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ማመልከቻ ጽሑፍሽን «ኢትዮጵያ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ባለቤት» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ለጋዜጣም ሰልችቷል። ከደብሩ ጀምሪ። ምን ጠየቅሽ፣ ምን አሉሽ፣ በመጨረሻ ምን ተስማማችሁ፣ ያልተፈታው ምንድን ነው። የሪኮመንዴሽን ደብዳቤውን ደግሞ ስምሽን ብቻ ከሚያውቅ ባለሥልጣን ሳይሆን ሥራሽን ካየ ሰው ውሰጂ። ቼቭኒንግ ብዙውን ጊዜ በክረምቱ ይከፈታል፤ መስከረም ሳያልቅ ሊዘጋ ስለሚችል የዓመቱን ቀን አረጋግጪ። እስከዚያ የብራናውን ጉዳይ በሁለት ገጽ ጽፈሽ ጨርሺ። እንግሊዝኛውን እንዲያይልሽ ለአንድ ሰው፣ እውነትነቱን እንዲያይልሽ ደግሞ ከደብሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋር ቁጭ በይበት።